ስንዴ ያልነካው ቁርስ

በኢትዮጵያ ገበያ «አጃ» የሚለውን ስም ሁለት እህሎች ይጋሩታል። አንደኛው ከስንዴ ወገን የሆነ፣ ገለባው ከፍሬው በቀላሉ የማይላቀቅ ጥንታዊ እህል ነው። ሌላው ዛሬ ተዳምጦ በካርቶንና በቆርቆሮ ታሽጎ የሚሸጠው የሲናር ዘመድ ነው። ሁለቱም ተሸርክተው ቅንጬ ይወጣቸዋል፤ ሁለቱም ተፈጭተው ለአራስ አጥሚት ይሆናሉ። ለብዙው ሰው ልዩነታቸው ከጣዕም አያልፍም። ግሉተን የማይስማማው ሰው ግን ከመጀመሪያው አንድ ማንኪያ ቢቀምስ የቀመሰው ስንዴ ነው። ሁለተኛው ከስንዴና ከገብስ ሳይቀላቀል ተዘርቶ፣ ታጭዶና ተፈጭቶ ከሆነ አብዛኞቹ ሕመምተኞች ይችሉታል። ስለዚህ «ይህ ቅንጬ የምን ነው?» ብሎ ለጠየቀ ሰው «የአጃ ነው» የሚለው ምላሽ ገና ግማሽ መልስ ነው።

ከግሉተን ነጻ የሆነ ቁርስ ሲነሣ ብዙ ሰው የሚታየው ውድ የታሸገ ዳቦና ከውጭ የመጣ ዱቄት ነው። የኢትዮጵያ ጓዳ ግን መልሱን ከጥንት ጀምሮ ይዞታል፤ ጤፍ፣ ማሽላ፣ በቆሎ፣ ዳጉሳ፣ እንሰት፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ተልባ፣ ድንች፣ አንዳቸውም በተፈጥሯቸው ግሉተን የላቸውም። የሚቸግረው የእህል እጦት አይደለም። እነዚህ እህሎች ከማሳ እስከ ምጣድ ብቻቸውን አይጓዙም፤ አንድ የምግብ ስምም ብዙ ዓይነት ዱቄት ይሸፍናል። ገንፎ ገንፎ ነው፤ ከምን ዱቄት እንደተገነፋ ግን ስሙ አይናገርም።

ግሉተን በስንዴ፣ በገብስና ራይ በሚባለው የአውሮፓ እህል ውስጥ የሚገኝ ፕሮቲን ነው። የስንዴ ሊጥ እንደ ላስቲክ የሚሳበው፣ ዳቦም አየር ይዞ የሚነፋው በእሱ ነው። ሴሊያክ የተባለው በሽታ ባለበት ሰው ላይ የሰውነት መከላከያ ይህን ፕሮቲን እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲዘምት የትንሹን አንጀት ግድግዳ ይጎዳል፤ ምግብ የሚመጥጡት ጥቃቅን ጸጉር መሳይ ክፍሎች ይረግፋሉ። ሰውየው እየበላ ይከሳል፤ ሆዱ ይነፋል፣ ያስቀምጠዋል፣ ደሙ ያንሳል፤ ሕፃን ከሆነ እድገቱ ይጓተታል። በዓለም ላይ ከመቶ ሰው አንዱ ገደማ ይህ በሽታ እንዳለበት ይገመታል። ከሕዝብ ሕዝብም ይለያያል፤ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ ጥናት በምዕራብ ሰሐራ ሕፃናት ዘንድ ከመቶ ከ5 በላይ ሆኖ አግኝቶታል። ሕክምናው አንድ ብቻ ነው፤ ዕድሜ ልክ ከግሉተን መራቅ። ቁርስ ደግሞ በብዙ ቤት ዳቦና ሻይ ስለሆነ ፈተናው የሚጀምረው ከማለዳው ነው።

በሽታው ከምን እንደሚመጣ ለማወቅ ረጅም ጊዜ ወስዷል። እ.ኤ.አ. በ1924 ሲድኒ ሃስ የተባለ የኒውዮርክ የሕፃናት ሐኪም የመነመኑ ልጆችን ዳቦ፣ ብስኩትና ድንች ከልክሎ ሙዝ በብዛት ይመግባቸው ነበር። ልጆቹ አገገሙ፤ ሐኪሙም ያዳናቸው ሙዙ መሰለው። ያዳናቸው ግን የዳቦው መቅረት ነበር። ይህን የገለጠው ቪለም ካረል ዲከ የተባለ የሆላንድ ሐኪም ነው። ዲከ ከ1930ዎቹ ጀምሮ ስንዴን ይጠረጥር ነበር። ሆላንዶች «የረሃብ ክረምት» በሚሉት በ1944 እና በ1945 መካከል ባለው ክረምት አገሩ ዳቦ አጥቶ ሰው የአበባ ሥር ሳይቀር ሲበላ፣ የእሱ ሕመምተኛ ልጆች ግን አልተባባሰባቸውም። ዳቦ ሲመለስ ሕመሙም ተመለሰ። ዲከ ግኝቱን የመመረቂያ ጽሑፉ አድርጎ በ1950 ለኡትሬክት ዩኒቨርሲቲ አቀረበ።

የጤፍ ስም በሕክምናው ዓለም የተነሣውም በዚያችው አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የላይደን ተመራማሪዎች የተለያዩ የጤፍ ዝርያዎችን መርምረው በሴሊያክ ሕመምተኞች ላይ ጠንቅ የሚሆነውን የፕሮቲን ክፍል እንዳላገኙ በታወቀ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት አሳተሙ። በነዚያው ዓመታት አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የፈጠራ ባለቤትነት መብት ማውጣቱ ኢትዮጵያውያንን ክፉኛ አስቆጥቷል፤ የሄግ ፍርድ ቤት በ2018 አዲስ ፈጠራ የለበትም ሲል በሆላንድ ውስጥ መብቱን ሽሮታል። ሺህ ፍሬው ተደምሮ ግማሽ ግራም የማይሞላ እህል ይህን ያህል ክርክር ማስነሣቱ በአጋጣሚ አይደለም። ስንዴ ለማይነካ ሰው ከጤፍ የተሻለ የማለዳ እህል ማግኘት ይከብዳል። ጤፍ ከነገለፈቱ ስለሚፈጭ ቃጫውም ማዕድኑም አብሮት ይቀራል።

ጤፍና እንጀራ ግን አንድ አይደሉም።

እንጀራ የአጋገር ስም እንጂ የእህል ስም አይደለም። ጤፍ በተወደደ ቁጥር ሊጡ ውስጥ ሌላ ዱቄት ይገባል። ማሽላ፣ ሩዝ፣ በቆሎ ወይም ዳጉሳ ቢሆን ሕመምተኛውን አይጎዳውም፤ ገብስና የስንዴ ዱቄትም ግን ይገባሉ፣ እንጀራውም ለዓይን ያምራል። ከሱቅ ወይም ከጉሊት የተገዛ እንጀራ ምን እንዳለበት ዓይንና ምላስ አይለዩትም። «ቦክቶ፣ ኮምጥጦ ስለሚጋገር ምንም አይልም» የሚለው እምነትም ያሳስታል። እርሾ የስንዴና የገብስ ግሉተን አጥፍቶ አይጨርስም፤ እሳትም አያጠፋውም። እንጀራ ለዚህ ሰው የሚሆነው ከምን እንደተቦካ የሚታወቅ፣ ቢቻል እቤት የተጋገረ ሲሆን ነው።

እንዲህ ያለ እንጀራ እቤት ካለ ቁርሱ ግማሽ መንገድ ተጉዟል። የትናንት እንጀራ ቀይ ሽንኩርት፣ በርበሬና ቅቤ ባለው ቁሌት ውስጥ ሲገባ ፍርፍር ነው፤ በጾም ቅቤው በዘይት ይተካል። ረቡዕና ዓርብ ቀን እስኪጋመስ ድረስ የሚጾመው ሰው መግደፊያው ላይ የሱፍ ፍትፍት ወይም የተልባ ፍትፍት ያገኛል። ሱፉ ተቀቅሎ፣ ተወቅጦ፣ ውሃው ተጠልሎ ከቃሪያና ከሽንኩርት ጋር እንጀራው ይፈተፈትበታል፤ ቀዝቃዛ ነው፣ ያጠግባል፣ ወተት የለበትም። ከሁሉ በላይ ግን ሊወደስ የሚገባው ድርቆሽ ነው። ፀሐይ ላይ ደርቆ የተቆራረሰ እንጀራ ለወራት ይቀመጣል፤ በሻንጣ ባሕር ይሻገራል፤ ጠዋት በአሥር ደቂቃ ፍርፍር ይሆናል። የጤፍ ብቻ መሆኑ የተረጋገጠ አንድ ከረጢት ድርቆሽ ግሉተን ለማይነካ ተማሪ ወይም ሠራተኛ ትልቅ ስንቅ ነው።

ቂጣ ፍርፍር፣ በኦሮምኛ ስሙ ጨጨብሳ፣ በየምግብ ቤቱ በብዛት የሚሠራው ከስንዴ ዱቄት ነው። የጤፉን የቀመሰ ግን ወደ ስንዴው መመለስ ላያስፈልገው ይችላል። ሁለት ኩባያ የጤፍ ዱቄት ከሁለት ኩባያ ገደማ ለብ ያለ ውሃና ከጨው ጋር ተበጥብጦ ሩብ ሰዓት ያህል ይቀመጣል፤ ዱቄቱ ውሃውን እየጠጣ ይወፍራል። ከዚያ በጋለ ምጣድ ላይ ከእንጀራ ወፈር ብሎ ይሰፋል፤ ተከድኖ አንድ ወገኑ ሲበስል ይገለበጣል። ግሉተን ስለሌለው ሊጡ አይሳብም፣ ቂጣውም ይሰነጣጠቃል። ሳይሰነጠቅ እንዲወጣ የፈለገ አንድ እንቁላል ወይም አንድ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ ይጨምርበታል፤ ተልባው ውሃ ሲነካው እየተዝለገለገ ሊጡን ያያይዘዋል። ለፍርፍር ግን መሰንጠቁ አይጎዳም። ቂጣው ገና ትኩስ ሳለ ተቆራርሶ በንጥር ቅቤና በበርበሬ ይታሻል፤ ማር ወይም እርጎ ከጎኑ ይቀርባል። ለልጆች በርበሬው ይቀርና ማሩ ይጨመራል።

ገንፎ ሲባል በብዙ ቤት መጀመሪያ የሚታሰበው ገብስ ነው። ነገሩ ከምግብነት በላይ ስለሆነ እዚህ ላይ መቆየት ይገባል። አራስ ቤት የሚገባ ሰው ገንፎ ቀምሶ ነው የሚወጣው፤ አራሷም አጥሚት በላይ በላዩ ይሰጣታል። ሴሊያክ ያለባት አራስ ሰውነቷ ገና ሳይጠገን በፍቅር የሚቀርብላት የገብስ ገንፎና የአጃ አጥሚት የሚጎዳት ምግብ ይሆናል። «አልበላም» ማለትም ለእናቷም ለአማቷም ከባድ ቃል ነው። ሥርዓቱ ሳይፈርስ እህሉን መቀየር ይቻላል። የበቆሎ፣ የማሽላ ወይም የጤፍ ዱቄት፣ ወይም የበቆሎና የጤፍ እኩል ድብልቅ ገንፎ ይወጣዋል፤ ለአንድ ኩባያ ዱቄት ሁለት ኩባያ ያህል ውሃ ከጨው ጋር ፈልቶ፣ ዱቄቱ ቀስ በቀስ እየተጨመረ፣ እንዳይጓጉል በማማሰያ በኃይል ይገነፋል። መካከሉ ተጎድጉዶ ቅቤና በርበሬው ሲሞላበት አራስ ጠያቂው ልዩነቱን አይጠይቅም። አጥሚቱም ከሩዝ ወይም ከቡላ በወተት ይሠራል።

ቡላ ራሱን የቻለ ነገር ነው። ከእንሰት ተፍቆ፣ ተጨምቆ፣ ውሃው ሲረጋ ከሥር የሚቀረው ነጭ ዝቃጭ ነው ቡላ የሚባለው። በጉራጌ፣ በሲዳማ፣ በሐዲያ፣ በከምባታና በጋሞ የከበረ ምግብ ነው። ቡላ በቀዝቃዛ ውሃ ወይም ወተት ተበጥብጦ በእሳት ላይ ሲማሰል መጀመሪያ ይነጣል፣ ቀጥሎ ይጠራል፣ በመጨረሻ እየተዝለገለገ የሚያብለጨልጭ ገንፎ ይሆናል፤ ቅቤው ከላይ ይፈስበታል። ሆድ ላይ የሚከብድ አይደለምና አንጀቱ ገና በማገገም ላይ ላለ ሰው ይመቻል። ፕሮቲኑ ግን ጥቂት ነው፤ አይብ፣ እንቁላል ወይም ወተት ያስፈልገዋል። ወንድሙ ቆጮ ደግሞ ጠዋት በምጣድ ተሙቆ ከአይብና ከጎመን ጋር ሲቀርብ ዳቦ የለም የሚያሰኝ ማዕድ አይደለም።

ቅንጬ ወዳዱ ማሽላ ወይም በቆሎ አሸርክቶ ሌሊቱን ዘፍዝፎ ሊያድር ይችላል። ጠዋት አንድ ኩባያ ሽርክት በሦስት ኩባያ ውሃ ተቀቅሎ በንጥር ቅቤና በጥቁር አዝሙድ ይለወሳል። ከስንዴው ቅንጬ ይልቅ ለመብሰል ይዘገያል፤ መዘፍዘፉ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። የሽምብራ ዱቄት ደግሞ በዚህ ዳሰሳ ውስጥ ከሚገባው በታች ከሚታወቁት አንዱ ነው። አንድ ኩባያ የሽምብራ ዱቄት ከአንድ ኩባያ ውሃ፣ ከተከተፈ ሽንኩርት፣ ከቃሪያና ከጨው ጋር ተበጥብጦ ዘይት በተቀባ መጥበሻ ላይ ሲጋገር እንቁላል የሌለበት የእንቁላል ጥብስ የሚመስል ቂጣ ይወጣዋል፤ ለጾም ይሆናል፣ ፕሮቲንም አለው። ጣሊያኖች የዚህኑ ዘመድ በምድጃ ጋግረው ፋሪናታ ይሉታል።

የቀረው ቀላል ነው። እንቁላል በቲማቲምና በቃሪያ፣ ፉል ከዳቦው ይልቅ ከተቀቀለ ድንች ወይም ከጤፍ ቂጣ ጋር፣ ስኳር ድንች፣ ጎደሬ፣ ሙዝና አቮካዶ፣ የሽምብራና የበቆሎ ንፍሮ፣ ኦቾሎኒ። በአንጻሩ በሶ፣ ጭኮና የትግራዩ ጥሕሎ ገብስ ናቸው፤ ድፎ ዳቦ፣ አምባሻ፣ ፈጢራና ቦምቦሊኖ ስንዴ ናቸው። ቆሎም ገብስ ወይም ስንዴ ከገባበት ሽምብራውን ብቻ ለቅሞ መብላት መፍትሔ አይሆንም፤ ሁሉም በአንድ ምጣድ ተቆልቷል።

ከአገር ውጭ ያለው ሐበሻ ሌላ ዓይነት ፈተና አለበት። ጤፍ በኢትዮጵያ ብቻ አይገኝም፤ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ አይዳሆ ውስጥ ይመረታል፣ በየሱቁም ዱቄቱ ይገኛል። ሆኖም በብዙ ከተሞች የሚጋገረው የንግድ እንጀራ የገብስ ወይም ቤኪንግ ፓውደር የተቀላቀለበት የስንዴ ዱቄት አለበት፤ ምጣዱ ላይ ዓይን ቶሎ እንዲያወጣ ይረዳል፣ ከጤፍም ይረክሳል። በእስራኤል ቀደም ብለው የገቡት ቤተ እስራኤላውያን ጤፍ እንደልብ ስላልነበረ እንጀራውን በስንዴ ዱቄት መጋገር ለምደው ነበር፤ ልማዱ ጤፍ ከመጣም በኋላ በብዙ ቤት አልቀረም። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሰው ቤት የምትሠራ ኢትዮጵያዊት የማዕድ ቤቱ ምርጫ የእሷ አይደለም፤ የማለዳው ማዕድም ኩብዝ የሚባለው የስንዴ ዳቦ ነው። እዚያ የሚያዋጣው በየቦታው የሚገኘው ሩዝ፣ ፉልና ከሕንድ ሱቅ በርካሽ የሚገዛው የሽምብራ ዱቄት ነው፤ ሕንዶች «ቤሰን» ይሉታል።

ጥያቄው የሐበሻ ብቻ አለመሆኑን ለማየት የሌሎችን ማለዳ መመልከት ይጠቅማል። የደቡብ ሕንድ ዶሳ ከሩዝና ከጥራጥሬ ተቦክቶ በምጣድ የሚሰፋ ነው፤ እንጀራ ጋጋሪ እጅ ወዲያው ይለምደዋል። ሜክሲኮዎች የትናንቱን የበቆሎ ቶርቲያ ቆራርሰው በቀይ ወይም በአረንጓዴ ሶስ ሲያሹት ቺላኪሌስ ይሉታል፤ ከፍርፍር የሚለየው እህሉና ቅመሙ ብቻ ነው። ቬንዙዌላና ኮሎምቢያ የበቆሎ ሙልሙል የመሰለ አሬፓ አላቸው። ቻይናውያን ሩዝን በብዙ ውሃ አፍልተው እንደ አጥሚት ይጠጡታል። እነዚህ ምግቦች አንዳቸውም ለሕመምተኛ ተብለው አልተፈጠሩም፤ ለዚህም ነው የሚጣፍጡት።

የታሸገው «ከግሉተን ነጻ» ዳቦና ብስኩት ግን ለሕመምተኛ ተብሎ የተፈጠረ ነው። ግሉተን የሚሠራውን ሥራ ለመተካት ብዙ ስታርችና ማያያዣ ይገባበታል፤ ብዙ ጊዜ ቃጫው ያንሳል፣ ዋጋውም ይንራል። ለጉዞ ወይም ለልጅ የትምህርት ቤት ምሳ ሊረዳ ይችላል፤ የየዕለት ቁርስ ማድረጉ ግን ገንዘብም ጤናም አያተርፍም። ማኅተሙን ማንበብ ግን ይጠቅማል። በአሜሪካና በአውሮፓ እንዲህ ያለ ጽሑፍ የሚፈቀደው በአንድ ኪሎ ምግብ ውስጥ ያለው ግሉተን ከ20 ሚሊግራም ሲያንስ ወይም ካልበለጠ ነው። ይህ ቁጥር አደጋው ምን ያህል ትንሽ ነገር ውስጥ እንደሚደበቅ ያሳያል። ሃያ ሚሊግራም ማለት በወንፊት ጥርስ ላይ የሚቀር ብናኝ ነው።

ወንፊት ሲነሣ የቤቱን ዕቃ ሁሉ መፈተሽ ያስፈልጋል። ስንዴ የተነፋበት ወንፊት፣ የዳቦ ሊጥ የተቦካበት ቡሃቃ፣ የገብስ ገንፎ ያማሰለ የእንጨት ማማሰያና በሣር የተሰፋ ሰፌድ ታጥበው አይጠሩም፤ ለሕመምተኛው ለብቻ መያዝ አለባቸው። ምጣድ ላይም ዳቦ ወይም የስንዴ ቂጣ ከተጋገረ በኋላ ጠርጎ ጤፍ መስፋት አይበቃም። ከቤት ውጭ ያለው ትልቁ ጣጣ ወፍጮ ቤት ነው። ጤፉ በንጹሕ ከረጢት ቢሄድም ከፊቱ ስንዴ የተፈጨበት ድንጋይ ቀድሞ ይጠብቀዋል። ወፍጮ ቤቱ ለጤፍ የተለየ ወፍጮ ካለው እሱን መምረጥ፣ ከሌለውም መጀመሪያ የሚወጣውን ጥቂት ኪሎ ለሌላው ቤተሰብ ማስቀረት ይረዳል። የእቤት ትንሽ የኤሌክትሪክ መፍጫ የገዛ ሰው ግን ከሁሉ ይሻላል። ይህ ምክር ለሽሮና ለበርበሬም ያው ነው።

ይህ ሁሉ ድካም የሚገባው ለማን እንደሆነ ቢለይ መልካም ነው። ሆዱን የነፋው ሁሉ ሴሊያክ አለበት ማለት አይደለም፤ ጃርዲያ የተባለው የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስም ተመሳሳይ ምልክት ያሳያል። ምርመራው በደም ተጀምሮ ብዙ ጊዜ በአንጀት ናሙና ይረጋገጣል፤ ሰውየው ግሉተን መብላት ካቆመ በኋላ ከተመረመረ ግን ውጤቱ በሽታው እያለ «የለም» ሊል ይችላል። ስለዚህ ዳቦውን ከመተው በፊት ሐኪም ዘንድ መሄድ ይቀድማል። ምርመራ ሳያደርጉ እንደ ፋሽን ስንዴ የሚተዉ ሰዎች በዚህ ምክንያት እውነተኛውን መልስ ለዓመታት ያጡታል።

ምርመራው «አለ» ካለ ደግሞ በአዲስ እርሾ መጀመር ያስፈልጋል። ብዙ ቤት እርሾ የሚያገኘው ከጎረቤት ነው፤ የጎረቤቱ ሊጥ ገብስ ወይም ስንዴ ካለበት እርሾው ይዞት ይመጣል። የጤፍ ዱቄት በንጹሕ ውሃ ተበጥብጦ፣ ተከድኖ ሙቅ ቦታ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ሲቀመጥ ራሱ አረፋ ያወጣል፣ ይኮመጥጣል፣ ከላዩም ቢጫ ውሃ ያቀራል። የመጀመሪያው እንጀራ ዓይኑ ያንሳል፣ ይደርቃልም፤ አብሲቱ ተጥሎ ሁለተኛው ሲቦካ ግን እየተስተካከለ ይመጣል። በሦስተኛው ጋገራ ላይ ከተረፈው ሁለት እንጀራ ተነሥቶ ሞሰብ ውስጥ ያድራል፤ ጠዋት ሽንኩርቱ ቁሌት ላይ ሲቁላላ ተቆራርሶ ይገባበታል።